ካልቫሪኖ፦ የአንድ ነጭ ወይን ጠጅና የስሙ ወሰን ታሪክ

ከቬሮና በስተምሥራቅ፣ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በግንብ ቅጥር የተከበበች ሶዋቬ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ከበላይዋ የመካከለኛው ዘመን ምሽግ ቆሟል። ባልደረቦቼ ከአንድ መሐንዲስ የሚጠብቁት ስለ ምሽጉ እንዲጽፍ ይሆናል፤ እኔ ግን የምጽፈው ከዚያ ስለቀመስሁት ነጭ ወይን ጠጅ ነው።

ስሙ ካልቫሪኖ ይባላል። ጠማቂው እ.ኤ.አ. በ1880 የተመሠረተው የፒዬሮፓን ቤተሰብ ነው። ቀለሙ የገለባ ነው። ሲጎነጩት መጀመሪያ የሎሚ ልጣጭን የሚያስታውስ ንቃት አፍን ይሞላል፤ ከዋጡት በኋላ የለውዝ ቀጭን ምሬት ይቀራል። (ለውዝ ስል ኦቾሎኒን ሳይሆን የአሮን በትር ያፈራችውን ማለቴ ነው።) ጣፋጭነት የለውም፤ በእኛ አገር ደረቅ ጠጅ እንደሚባለው፣ ስኳሩ ወደ አልኮል ተለውጦ አልቋል።

የሁለት ወይኖች ቅይጥ ነው። 70 በመቶ ያህሉ ጋርጋኔጋ የተባለው ዘግይቶ የሚበስል ወይን ሲሆን፣ የቀረው ትሬቢያኖ ዲ ሶዋቬ ነው። የመጀመሪያው አካልና መዓዛ ይሰጣል፤ ሁለተኛው ኮምጣጣነቱን ያጠነክራል። ሙያችንን የሚነካው ግን ማብላያው ነው። ካልቫሪኖ የሚብላላውና የሚቆየው በእንጨት በርሜል ሳይሆን፣ ውስጡ መስተዋት በለበሰ የኮንክሪት ጋን ነው። ሲሚንቶ አልካላዊ ስለሆነ፣ ልባስ ባይኖረው የወይኑ አሲድ ይበላዋል፤ ወይኑም ንቃቱን ያጣል። ወፍራሙ ግድግዳ ደግሞ ሙቀት ቶሎ እንዳይለዋወጥ ይከላከላል። እንጨት አየር ያሳልፋል፣ የራሱንም ጣዕም ይጨምራል፤ ይህ ጋን ሁለቱንም አያደርግም። ብዙዎች እንደ አሮጌ ዕቃ አፍርሰው የጣሉት መሣሪያ መሆኑን ሳስብ፣ ለመጣል የቸኮልንባቸው የራሳችን ሥራዎች ትዝ ይሉኛል።

ወደ ታሪኩ ልመለስ። የሶዋቬ ጥንታዊ የወይን ምድር ኮረብታ ነው፤ ብዙው ክፍል ከጥንት እሳተ ገሞራ የቀረ ጥቁር ባዛልት ነው። የጣሊያን መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1931 የዚህን ኮረብታ ወሰን በሕግ አሰመረ። እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው የምንጭ ስም ደንብ ግን ወሰኑን ወደ ሜዳው አሰፋው። ሜዳው ለም ነው፤ ለማረስ አይከብድም፤ ምርቱም ብዙ ነው። ገበያውም በተለይ አሜሪካ ውስጥ ተስፋፍቶ ነበር። የኮረብታው ስም ውሃ ውሃ በሚል ወይን ላይ ተለጥፎ ተሸጠ፤ ውሎ አድሮም ሶዋቬ ማለት ርካሽ ማለት ሆነ። በእኔ አስተያየት ጥፋቱ የገበሬው አልነበረም። ሕጉ የፈቀደለትን ተከለ፤ ስሕተቱ የተሠራው ካርታው ላይ ነው።

የመሥራቹ ሞክሼ ሊዮኒልዶ ፒዬሮፓን፣ በተለምዶ ኒኖ የሚባሉት፣ ተቃራኒውን መንገድ ያዙ። ቤተሰቡ እ.ኤ.አ. በ1901 የገዛው አንድ ተዳፋት ነበር፤ ለሥራ እጅግ አድካሚ በመሆኑ ትንሹ ቀራንዮ፣ ማለትም ካልቫሪኖ፣ ተብሏል። የዚህን ተዳፋት ፍሬ ከሌላው ሳይቀላቅሉ ከእ.ኤ.አ. 1971 ምርት ጀምሮ በራሱ ስም አወጡት። ያን ጊዜ በጣሊያን ነጭ ወይን ጠጅን በአንድ ማሳ ስም መሸጥ ብዙም አይታወቅም ነበር። ሌላው የአካባቢው ስመ ጥር ጠማቂ ሮቤርቶ አንሴልሚ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ገደማ ሶዋቬ የሚለውን ስም ጨርሰው ከጠርሙሳቸው ላይ ፋቁት።

ከሁለቱ ማን ትክክል እንደነበረ አብረውኝ ከቀመሱት ጋር ተከራክረናል። የአንሴልሚ ቁጣ ይገባኛል፤ ነገር ግን የተበላሸውን ስም ይዞ መቆየት የበለጠ ትዕግሥት የሚጠይቅ ይመስለኛል። ኒኖ ፒዬሮፓን እ.ኤ.አ. በ2018 አረፉ። ሥራውን ልጆቻቸው ተረከቡ፤ ሶዋቬ የሚለው ቃልም ከካልቫሪኖ ጠርሙስ ላይ አልተነሣም።