የእንግዳ ዋስ፤ የካናዳ ሕዝብ ስደተኞችን ተቀብሎ ያቋቋመበት ታሪክ

በአገራችን ልማድ አንድ እንግዳ ሰው በማይታወቅበት ከተማ ሥራ ለመቀጠር ወይም ገንዘብ ለመበደር ሲፈልግ አስቀድሞ የሚጠየቀው «ዋስ አለህ ወይ?» ተብሎ ነው። ዋስ የሚሆነው ሰው ለእንግዳው ከማዘን አልፎ «ይህ ሰው ቢጎድል በእኔ ይሁን» ብሎ ስሙንና ንብረቱን ያስይዛል። ርኅራኄ ልክና ቀን የሌለው ስሜት ሲሆን፣ ዋስትና ግን መጠኑና ጊዜው የታወቀ ግዴታ ነው። ስደተኞችን ተቀብሎ ከአካባቢው ሕዝብ ጋር የማላመድ የበጎ ፈቃድ ሥራም ጸንቶ የቆመው ርኅራኄው ወደ ዋስትና በተለወጠበት ስፍራ ነው። ለዚህ ግሩም ምስክር የሚሆነው የካናዳ ሕዝብ በ1979 እና በ1980 የፈጸመው ሥራ ስለሆነ፣ የሙያ ባልደረቦቻችን እንዲመለከቱት ታሪኩን በአጭሩ እናቀርባለን። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ካናዳ ከጥንት ጀምሮ ለስደተኛ በሯን የከፈተች አገር አልነበረችም። በ1939 ከ900 በላይ አይሁድ ስደተኞችን የጫነችው «ሴንት ሉዊስ» የተባለች መርከብ ኩባና አሜሪካ አናሳርፍም ባሏት ጊዜ፣ ካናዳም በበኩሏ ፊቷን አዞረችባት። መርከቢቱ ወደ አውሮፓ ተመለሰች፤ ከተሳፋሪዎቿም 254ቱ በናዚዎች እልቂት አለቁ። ኧርቪንግ አቤላና ሃሮልድ ትሮፐር የተባሉ የታሪክ ሊቃውንት እንዳረጋገጡት፣ ከ1933 እስከ 1945 ድረስ ካናዳ የተቀበለቻቸው አይሁድ ስደተኞች 5,000 እንኳ አይሞሉም ነበር። የእነዚህ ሊቃውንት ጥናት ገና በመጽሐፍ መልክ ሳይታተም፣ በ1979 የኢሚግሬሽን ሚኒስትር በነበሩት በሮን አትኪ እጅ ደረሰ። ሚኒስትሩም ንባቡ በውሳኔያቸው ላይ ከፍ ያለ ተጽዕኖ እንዳሳደረ ኋላ ራሳቸው መስክረዋል። አንድ ሕዝብ የቀድሞ ጥፋቱን ሳይሸፍን መዝግቦ መያዙ ለተከታዩ ትውልድ ምን ያህል እንደሚጠቅም ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በሚያዝያ 1975 ሳይጎን ከወደቀች በኋላ አያሌ የቬትናም፣ የላኦስና የካምቦዲያ ሰዎች አገራቸውን ጥለው ተሰደዱ። ብዙዎቹም በአሮጌ ጀልባ እየተጫኑ ወደ ባሕር ወጡ። በ1978 መጨረሻ «ሃይ ሆንግ» የተባለች መርከብ 2,500 ያህል ሰዎችን ይዛ በማሌዢያ ጠረፍ ተከልክላ በቆመች ጊዜ፣ ካናዳ ከእነዚህ ውስጥ 600 ያህሉን ተቀበለች። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ወር አዲሱ የኢሚግሬሽን ሕግ በሥራ ላይ ውሎ ነበር። ሕጉ ስደተኛን ከሌላው መጻተኛ ለይቶ ከማወቁም በላይ፣ ለተራው ዜጋ ከዚያ በፊት ያልነበረ ሥልጣን ሰጠው። ይኸውም ዕድሜያቸው 18 ዓመት የሞላ ቢያንስ አምስት ዜጎች ወይም ቋሚ ነዋሪዎች በአንድነት ፈርመው የአንድ ስደተኛ ቤተሰብ ዋስ እንዲሆኑ ፈቀደ። ፈራሚዎቹ ለአንድ ዓመት የቤት ኪራይ፣ የምግብና የልብስ ወጪ ይችላሉ፤ ቋንቋ እንዲማርና ሥራ እንዲያገኝም ይረዳሉ። ለአብያተ ክርስቲያናት ደግሞ ከመንግሥት ጋር የጋራ ውል የመፈራረም መንገድ ተከፈተ። ይህን ውል በመጋቢት 1979 ለመጀመሪያ ጊዜ የፈረመው የሜኖናይት ክርስቲያኖች ማዕከላዊ ኮሚቴ ነው። የሜኖናይት አማኞች ብዙዎቹ ራሳቸው ከሩሲያ የተሰደዱ ሰዎች ልጆች ነበሩ።

ይሁን እንጂ ሕግ መጻፉ ብቻውን ሰውን አያስነሣም። በሰኔ 1979 የፍልስፍና መምህር የሆኑት ሃዋርድ አድልማን በቶሮንቶ ቤታቸው ጎረቤቶቻቸውን ሰብስበው ተመካከሩ፤ ከዚያም «ኦፐሬሽን ላይፍላይን» የተባለው እንቅስቃሴ ተወለደ። መንግሥት በዚያ ዓመት 8,000 ስደተኞች እንደሚገቡ ባስታወቀ ጊዜ ደግሞ የኦታዋ ከንቲባ ማሪዮን ዲዋር ከተማቸው ብቻዋን 4,000 እንድትቀበል ሐሳብ አቀረቡ። በሐምሌ ወር በጠሩት ስብሰባ ላይም በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ወጣ። በዚያው ወር መንግሥት ቁጥሩን ወደ 50,000 ከፍ አድርጎ፣ ሕዝቡ ዋስ ለሆነለት ለእያንዳንዱ ስደተኛ መንግሥትም አንድ ተጨማሪ ስደተኛ እንደሚቀበል ቃል ገባ። በጋዜጣ ማስታወቂያ እያወጡ የተቃወሙ ሰዎችም ስለነበሩ፣ ነገሩ ያለ ክርክር አልተፈጸመም።

የሥራው አካሄድ ለሙያችን ይበልጥ የሚጠቅም ነው። በአንድ ሰፈር የሚኖሩ ጥቂት ቤተሰቦች ገንዘብ ያዋጣሉ፤ ከዚያም ሥራውን ይከፋፈላሉ። አንዱ ቤት ይፈልጋል፤ ሌላው ልጆቹን በትምህርት ቤት ያስመዘግባል፤ ሦስተኛው ወደ ሐኪም ያደርሳል፤ አራተኛው የባንክ ሒሳብ እንዴት እንደሚከፈትና በየትኛው አውቶቡስ እንደሚሄዱ ያሳያል። በረዶ አይተው ለማያውቁ ሰዎች የክረምት ካፖርት መግዛትም ከሥራዎቹ አንዱ ነበር። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው የአበው ምሳሌ በዚህ ተፈጽሟል። ለአንድ ደግ ሰው ከአቅም በላይ የሆነውን ሸክም፣ የሥራ ድርሻቸውን ለይተው የሚያውቁ ጥቂት ጎረቤቶች ያለ ብዙ ድካም ተሸከሙት። እስከ 1980 መጨረሻ ድረስ 60,000 ያህል ስደተኞች ሲገቡ፣ ከግማሽ የሚበልጡት በሕዝብ ዋስትና የመጡ ነበሩ። በ1986 የተባበሩት መንግሥታት የናንሰን ሜዳይ ለካናዳ ሕዝብ በጠቅላላው ተሰጠ።

ስለዚህ ሥራ ስንጽፍ ጉድለቱን መሸሸግ አይገባንም። በመጀመሪያ፣ በታኅሣሥ 1979 የዋሶቹ ቁጥር ከታሰበው በላይ ስለሆነ፣ መንግሥት ትርፉን ከራሱ ድርሻ ላይ ለመቀነስ ወሰነ። ዋሶቹ ግን የፈረሙት በመንግሥት ድርሻ ላይ ሊጨምሩ እንጂ ሊተኩት አልነበረምና እጅግ ተቆጡ። በሚያዝያ 1980 አዲሱ መንግሥት 10,000 ሰው ጨምሮ ነገሩን አበረደው። የበጎ ፈቃደኛ ትጋት ለባለሥልጣን ስንፍና መሸፈኛ እንዳይሆን መጠንቀቅ እንደሚያስፈልግ ይህ ያስተምረናል።

ሁለተኛው ጉድለት በዋሱና በእንግዳው መካከል ያለው የኃይል አለመመጣጠን ነው። የቤት ኪራይ የሚከፍል ሰው ገበታውን፣ የልጆቹን አስተዳደግና እምነቱን ጭምር ልምራልህ ለማለት ይዳዳዋል። እንግዳውም ውለታ እየከበደው «አይሆንም» ለማለት ያፍራል። ሞርተን ባይዘር የተባሉ የአእምሮ ሐኪም በቫንኩቨር የሰፈሩ ከ1,300 በላይ ስደተኞችን ከ1981 ጀምረው ለ10 ዓመታት ያህል ተከታትለዋል። በዚህ ጥናት በግል ዋስትና የመጡት ሰዎች ውለው አድረው ይበልጥ ተቋቁመው ተገኝተዋል። ነገር ግን እምነታቸው ከዋሶቻቸው እምነት የተለየባቸው ስደተኞች የመንፈስ ጭንቀት እንዳገኛቸው ጥናቱ ጨምሮ ገልጿል። እንግዲህ የአንድ ዓመቱ ገደብ የዋሱን ኪስ ብቻ የሚጠብቅ አይደለም፤ የእንግዳውንም ነጻነት ይጠብቃል። ቀኑ ሲሞላ ዋስነቱ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው ጉርብትና በሁለቱም ፈቃድ የሚኖር ነው።

ይህ ታሪክ ከእኛ የራቀ አይደለም። በ1980ዎቹ ወደ ሱዳን ከተሰደዱት ወገኖቻችን መካከል በዚሁ የዋስትና መንገድ ወደ ካናዳ የተሻገሩ አሉ። አገራችንም በ2010 ኤርትራውያን ስደተኞች ከመጠለያ ጣቢያ ወጥተው በከተማ እንዲኖሩ ስትፈቅድ፣ ራሳቸውን የሚችሉበት ገቢ ወይም ሊረዳቸው ቃል የሚገባ ዘመድ ወይም ወዳጅ እንዲኖራቸው ጠይቃለች። ይህም ዋስ መጠየቅ ነው። ልዩነቱ የኦታዋ እንግዳ በውል የተደራጀ ቡድን ሲጠብቀው፣ የአዲስ አበባው እንግዳ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያስጠጋው ከእርሱ እምብዛም የማይሻል ዘመድ መሆኑ ነው። በተጨማሪም የካናዳ ዋሶች የተቀበሉት አስቀድሞ በውጭ አገር ተመርጦ የተፈቀደለትን ሰው ነበር። በራሱ እግር መጥቶ ጥገኝነት የሚጠይቅ ሰው ግን ጉዳዩ እስኪወሰን ድረስ ዋስ የሚሆነው አያገኝም፤ በጣም የሚቸገረውም በዚያ ጊዜ ነው። የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ለስደተኞች የመሥራትና የመዘዋወር መብት ከደነገገ ወዲህ፣ ይህን ክፍተት በሥርዓት የሚሞላ ጎረቤት ማዘጋጀት የእኛን ሙያ የሚመለከት ሥራ ሆኗል።

ስለሆነም አንድ አባል በሚሠራበት ቀበሌ ስደተኛን ለመርዳት የተነሡ ሰዎች ሲያገኝ፣ በጎ ልባቸውን አመስግኖ ብቻ ማለፍ የለበትም። ስንት ሰዎች እንደሆኑ፣ እያንዳንዱ ምን እንደሚሠራ፣ ሥራው በየትኛው ቀን እንደሚያበቃና የመንግሥት ድርሻ የቱ እንደሆነ በጽሑፍ እንዲያሰፍሩ ይርዳቸው። እንግዳውም የውሉን ቃል በሚገባው ቋንቋ ይስማው፤ የማይፈልገውን እንዲያስቀርም ዕድል ይሰጠው። ዋስ ያገኘ እንግዳ ውሎ አድሮ ለሌላው ዋስ የሚሆንበት ቀን ይመጣል። በካናዳም በጀልባ ከመጡት ስደተኞች መካከል በኋላ ዘመን ለሌሎች ስደተኞች የፈረሙ ተገኝተዋል።