ማንነቱ ታወቀ፤ ፈቃዱስ?

መናገሻው ሰቆጣ የነበረው ዋግሹም፣ ሌላው መኳንንት በንጉሠ ነገሥቱ ፊት ሲቆም እሱ በወንበር የመቀመጥ መብት እንደነበረው ይነገራል፤ የዛጉዌ ዘር ነውና። እንግዲህ ስሙ የታወቀ ሁሉ ወንበር አያገኝም። “ማን ነህ?” አንድ ጥያቄ ነው፣ “ምን ተፈቅዶልሃል?” ሌላ። ኮምፒውተር ላይም እንዲሁ ነው፤ ሁለተኛው ጥያቄ ሲዘነጋ ምን እንደሚመጣ በ2004 ዓ.ም. ጊትሀብ ላይ ታየ።

ጊትሀብ ፕሮግራመሮች ኮዳቸውን አስቀምጠው አብረው የሚሠሩበት መድረክ ነው። የተገነባው ሩቢ ኦን ሬይልስ በሚባል ማዕቀፍ ነው፤ የሬይልስ ኮድ ራሱም የሚቀመጠው እዚያው ነው። ኢጎር ሆማኮቭ የሚባል ሩሲያዊ ወጣት፣ ሬይልስ ከቅጽ የመጣለትን ሁሉ፣ ያልተጠየቀውንም ጭምር፣ ዝም ብሎ ዳታቤዝ ውስጥ እንደሚያስገባ አይቶ ለአዘጋጆቹ አመለከተ። እነሱ ግን መጠንቀቅ ያለበት ማዕቀፉን የሚጠቀመው ፕሮግራመር ነው ብለው ጉዳዩን ዘጉት።

ታዲያ የካቲት 25 ቀን በራሱ አካውንት ገብቶ የመግቢያ ቁልፉን ሲያስመዘግብ፣ የባለቤቱን መለያ ቁጥር ቀይሮ ቁልፉ የሬይልስ ቡድን እንዲሆን አደረገ። ጊትሀብ ሰውየውን አውቆታል እኮ! በሌላ ስም ቁልፍ ማስመዝገብ ይችል እንደሆን ግን አልጠየቀም። ሆማኮቭ በሬይልስ ዋና ኮድ ውስጥ አንድ ፋይል አስገባ፤ ማሳየት ነበር የፈለገው። ጊትሀብ ቀዳዳውን በዚያው ቀን ደፈነ፣ አካውንቱን አገደ፣ ኋላም መለሰለት። ያለ ፈቃድ መግባቱን ደግፎ መከራከር ይከብዳል፤ አስቀድሞ የተናገረን ሰው ማገድ ግን ለእኔ ከዚያ የባሰ ነው። በ2005 ዓ.ም. የወጣው ሬይልስ 4፣ ከቅጽ የሚመጡ የተፈቀዱ መስኮች አንድ በአንድ እንዲዘረዘሩ አስገደደ።

እኛም አገር ደረሰ። መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች ለሰዓታት ከሒሳባቸው በላይ ሲያወጡና ሲያስተላልፉ አደሩ። ካርዱም የሚስጥር ቁጥሩም የባለቤቱ ነበር፤ ያን ያህል ገንዘብ እንዳለው ግን ሥርዓቱ አላጣራም። ባንኩ የሳይበር ጥቃት አይደለም አለ፤ የወጣውንም 801 ሚሊዮን ብር ገደማ አደረሰው። ከወሰዱት ብዙዎቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። ዩኒቨርሲቲዎች መልሱ ብለው ማስታወቂያ አወጡ፤ ባንኩም ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶ በየቅርንጫፉ ለጠፈ።