የንባብ ክበብ ርእስ አመራረጥና የሶፍትዌር ምህንድስና ታሪክ

የንባብ ክበብ ሲቋቋም በቅድሚያ የሚነሣው ጥያቄ «ምን እናንብብ?» የሚለው ነው። ርእሱ ሶፍትዌር ምህንድስና ከሆነ፣ ብዙዎቻችን በጊዜው ወደ ገነነው የፕሮግራም ቋንቋ እናዘነብላለን። ይሁን እንጂ የሙያውን ታሪክ ስንመረምር ቋንቋዎች ቢለዋወጡም መሠረታዊ ችግሮቹ እንደሚቆዩ እንገነዘባለን።

«ሶፍትዌር ምህንድስና» የሚለው ስያሜ በሰፊው የታወቀው በ1968 እ.ኤ.አ. በምዕራብ ጀርመን፣ በጋርሚሽ ከተማ በተደረገው ጉባኤ ነው። በኔቶ የሳይንስ ኮሚቴ ደጋፊነት በተካሄደው በዚህ ጉባኤ ከ11 አገሮች የመጡ ከ50 በላይ ባለሙያዎች ተካፍለዋል። ካወያዩአቸው ጉዳዮች አንዱ የትልልቅ ፕሮግራሞች ሥራ ከተመደበለት ጊዜና ገንዘብ በላይ መፍጀቱ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የቀረቡት ሐሳቦች ለዚሁ ችግር የተሰጡ መልሶች ናቸው። በ1972 እ.ኤ.አ. ዴቪድ ፓርናስ፣ ፕሮግራም ሲከፋፈል እያንዳንዱ ክፍል ወደፊት ሊለወጥ የሚችልን ውሳኔ ከሌሎቹ ሰውሮ መያዝ እንዳለበት አስረዳ። በ1975 እ.ኤ.አ. ደግሞ ፍሬድ ብሩክስ፣ በዘገየ የሶፍትዌር ሥራ ላይ ሰው መጨመር ሥራውን ይበልጥ እንደሚያዘገየው ጻፈ። ምክንያቱም 5 ሰዎች ሁለት ሁለት እየሆኑ ቢነጋገሩ 10 ግንኙነት ብቻ ይኖራል፤ 10 ሰዎች ሲሆኑ ግን 45 ይደርሳል።

ጉዳዩ የገንዘብና የጊዜ ብቻ አይደለም። ከ1985 እስከ 1987 እ.ኤ.አ. ቴራክ-25 የተባለ የካንሰር ማከሚያ መሣሪያ በአሜሪካና በካናዳ ቢያንስ 6 ሕሙማንን ከመጠን በላይ በሆነ ጨረር ጎድቷል፤ ከእነርሱም መካከል ሕይወታቸው ያለፈ አሉ። በቀድሞው ሞዴል ላይ አደጋ የሚከላከል ራሱን የቻለ መቆጣጠሪያ ነበር፤ በአዲሱ ግን ይህ ኃላፊነት በአብዛኛው ለሶፍትዌሩ ተተወ።

በመሆኑም ርእስ ስንመርጥ ሦስት ጥያቄዎችን ብናስቀድም ይበጃል። አንደኛ፣ ሐሳቡ ከየትኛው ችግር ተነሣ? ሁለተኛ፣ ችግሩ ዛሬም አለ ወይ? ሦስተኛ፣ ኮምፒዩተር በሌለበት ክፍል ልንወያይበት እንችላለን ወይ? የብሩክስን ሐሳብ የሒሳብ መምህር በጥቁር ሰሌዳ፣ የቴራክን ታሪክ ደግሞ የፊዚክስ መምህር በጨረር ትምህርት ሊያስረዱት ይችላሉ። ተማሪዎቻችን ነገ የሚሠሩት ፕሮግራም የሰው ሕይወት የሚታመንበት ሊሆን ስለሚችል፣ ይህንን ዕውቀት ከወዲሁ ልናስጨብጣቸው ይገባል።