ዜማን በልብ መስማት፤ የይፋት ቆላ ሕፃናትና የጥንቱ ትምህርት

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ጣርማ በርን አልፎ፥ ደብረ ሲናን ወደ ኋላ ትቶ ቁልቁል በወረደ ጊዜ የደጋው ብርድ ይቀርና የቆላው ወበቅ መንገደኛውን ይቀበለዋል። ሸዋ ሮቢት የምትገኘው በዚሁ ቆላ ነው። የይፋት ቆላ የማሽላ አገር ነውና ማሽላው ባሸተ ጊዜ ልጆች ማማ ላይ ተቀምጠው ወፍ ይጠብቃሉ። ከእነዚህም መካከል የቄስ ትምህርት የጀመረው ልጅ፥ አፉን ሳይከፍት፥ ጣቱን በጉልበቱ ላይ እያነሣና እየጣለ፥ ማታ ከመምህሩ የተቀበለውን ዜማ በልቡ ይመላለስበታል። ወፍ ሲመጣ ወንጭፉን ይወነጭፋል፤ ወፉ ሲሄድ ዜማውን ካቆመበት ይቀጥላል። ላላፊ አግዳሚ ዝም ብሎ የተቀመጠ ልጅ ነው፤ ልጁ ግን ዝም አላለም።

ድምፅ ሳይኖር ዜማን በልብ መስማት ለሕፃናት እንዴት ይማራል የሚለው ጥያቄ በውጭ አገር የሙዚቃ መምህራን ዘንድ በሰፊው የተነሣው በ20ኛው መቶ ዓመት ነው (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው)። ሃንጋሪያዊው ዞልታን ኮዳይ የውስጥ ጆሮን ማሠልጠን የትምህርት ሁሉ መሠረት አድርጎት ነበር። አሜሪካዊው ኤድዊን ጎርደን (1927–2015) ደግሞ በ1970ዎቹ ለዚሁ ችሎታ «ኦዲዬሽን» የሚል አዲስ ቃል አወጣለት። የጎርደን ሐሳብ ባጭሩ እንዲህ ነው፤ ሕፃን ቋንቋን አስቀድሞ በመስማት፥ ቀጥሎ በመናገር፥ የኋላ ኋላም በማንበብና በመጻፍ እንደሚለምድ ሁሉ፥ ዜማንም በዚሁ ተራ ይማር ዘንድ ይገባዋል። የተፈጥሮ ስጦታውም በሚሰማው ነገር መጠን የሚለማው ወይም የሚደክመው እስከ ዘጠኝ ዓመቱ ድረስ ነው ይላል። የእኛ አባቶች ስም አላወጡለትም፤ ሥርዓቱን ግን ሠርተውለታል።

ሕፃኑ ቀን ፊደል ይቈጥራል፤ ንባብ ይለምዳል፤ ዳዊት ይደግማል። ሲመሽ ግን የቃል ትምህርት ይጀመራል። በዚህ ጊዜ መጽሐፍ አይገለጥም። በጨለማ ተቀምጠው መምህሩ ወይም ከተማሪዎች የበሰለው ይመራል፤ ልጆቹ ይቀበላሉ፤ የሳተ እንደሆነ ይመለሳል፤ ያልጸናውም ሲጸና ወደሚቀጥለው ይታለፋል። ይህ መብራት በማጣት የመጣ ልማድ ሊመስል ይችል ይሆናል። ነገር ግን ዓይን ሥራ ፈትቶ ጆሮ ብቻውን በሚያገለግልበት ሰዓት የገባ ዜማ አይፋቅም። ዓይነ ስውራን የሆኑ የዜማ መምህራን በአገራችን ብርቅ ያልሆኑትም ስለዚህ ነው። ልጁ ወደ ዜማ ቤት ገብቶ ጾመ ድጓውንና ድጓውን ሲጀምር፥ ጆሮው አስቀድሞ ለብዙ ዓመት ታርሷል።

የዚህም ትምህርት ኃይል በግልጥ የሚታየው በዜማው ምልክት ላይ ነው። ትውፊታችን ዜማን ግዕዝ፥ ዕዝል፥ አራራይ ብሎ በሦስት የከፈለውን ቅዱስ ያሬድን በ6ኛው መቶ ዓመት በነበረው በንጉሥ ገብረ መስቀል ዘመን ያኖረዋል። ከቃሉ በላይ በቀይና በጥቁር ቀለም የሚጻፈውን ምልክት ግን ያደራጁት አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል መሆናቸውና ይህም በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት (1540–1559) መሆኑ ይተረካል። ዘመኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል። በ1529 ከተደረገው የሽምብራ ኩሬ ጦርነት ጀምሮ እስከ 1543 ድረስ አብያተ ክርስቲያናት ከነመጻሕፍታቸው ተቃጥለዋል፤ ብዙ ሊቃውንትም አልቀዋል። ይፋትም የጦሩ መንገድ ነበረች። መምህሩ ሲሞት ዜማው አብሮት ይቀበር ነበርና ምልክት ማበጀት የግድ ሆነ።

ይሁን እንጂ ምልክቱ ዜማውን አይናገርም። ይዘት፥ ሂደት፥ ጭረት፥ ድፋት፥ ቅናት፥ ደረት፥ ርክርክ፥ ቁርጥ የተባሉት፥ በኋላም የተጨመሩት ድርስና አንብር፥ ድምፁ የት እንደሚያዝ፥ የት እንደሚወድቅ፥ የት እንደሚንቀጠቀጥ ያመለክታሉ። ከእነዚህ ሌላ በመቶ የሚቈጠሩ የፊደል ምልክቶች አሉ። እያንዳንዱም በሌላ ቦታ ከሚታወቅ ዜማ ቃል ላይ የተወሰደ ፊደል ነው፤ «ይህን ቃል እንደዚያኛው አዚም» ማለት ነው። እንግዲህ ያንኛውን በልቡ ያልያዘ ተማሪ ፊደሉን ቢያየው ምን ይጠቅመዋል? ያየዋል እንጂ አይሰማውም።

ከዚያ አምስት መቶ ዓመት ያህል ቀድሞ በኢጣልያ የነበረው መነኩሴ ጊዶ ዘአሬዞ የገጠመው ችግር ይህንኑ ይመስላል። መዘምራኑ ልጆች ዐሥር ዓመት ለፍተው ትምህርቱን እንደማይፈጽሙት ተመልክቶ በመሥመር ላይ የሚጻፍ ምልክት አበጀ፤ ሰምተውት የማያውቁትንም ዜማ ያለ መምህር ለማዜም ቻሉ። የጊዶ ምልክት ልጁን ከመምህሩ ያላቅቀዋል፤ የእኛው ከመምህሩ ጋር ያስተሳስረዋል። የቱ እንደሚበልጥ ለመፍረድ አንቸኩልም። የእኛው አደጋ ግን ግልጥ ነው፤ አንድ ትውልድ ከተቋረጠ መጽሐፉ ድዳ ይሆናል።

ይፋት የቄስ ትምህርት ብቻ አገር አይደለችም። በ1285 የሸዋን የእስላም ሱልጣኔት የጠቀለለው የወላስማዎች መንግሥት በዚህ ምድር የቆመ ነበር፤ የአርጎባም ሕዝብ እስከ ዛሬ በተረተሩና በቆላው ይኖራል። በቁርኣን ትምህርት ቤትም ሕፃኑ ጥቅሱን በእንጨት ሉህ ላይ ይጽፋል፤ በቃሉ ሲይዘውም ሉሁ ይታጠባል። ቀለሙ ጠፍቶ የቀረው በልጁ ልብ ያለው ብቻ ነው። ትርጓሜውን ገና ሳያውቅ አነባበቡን፥ የት እንደሚረዝምና የት እንደሚያርፍ ያውቃል። (የቁርኣን ንባብ በእስላሞች ዘንድ፥ ዜማም በካህናት ዘንድ ሙዚቃ አይባልም፤ እኛም ስለ ጆሮ ትምህርት መናገራችን ነው እንጂ ማደባለቃችን አይደለም።) በመንዙማም ሌሊት አንዱ ሲያወጣ ብዙው ይቀበላል፤ ሕፃኑም በእናቱ ጉያ ሆኖ ተራውን ይለምዳል።

ዛሬ ልጁ ያመለጠውን ዜማ በእጅ ስልክ ደጋግሞ ሊያስነግረው ይችላል። ይህን የምንነቅፍ አይደለንም፤ በ1529 እንዲህ ያለ ነገር ቢኖር ኖሮ ስንት ዜማ በተረፈ ነበር! የሚያሳስበን ግን መሣሪያው ስለ ልጁ የሚያስታውስ ሲሆን ልጁ የማስታወስ ተራ የሚያጣ መሆኑ ነው። በኮዳይ ሥርዓት የሚያስተምሩ መምህራን አንድ ቀላል ጨዋታ አላቸው። ልጆቹ እየዘመሩ ሳሉ መምህሩ እጁን ያነሣል፤ ሁሉም ዝም ይላሉ፤ መዝሙሩ ግን በልባቸው ይቀጥላል። እጁን ሲያወርድ ሁሉም በአንድ ቃል፥ መዝሙሩ በደረሰበት ቦታ ላይ ይገቡበታል። ገንዘብም መሣሪያም አይጠይቅም። በሸዋ ሮቢት ክፍል ውስጥ ቢሞከር፥ ከማሽላ ማማ የወረደው ልጅ አስቀድሞ የሚያውቀው ጨዋታ ነው፤ ለእርሱ እጁን የሚያነሣው ወፍ ነበር።