የደጃዝማች በላይ ዘለቀ ውለታ

ከሰከላ ምድር የሚፈልቀው የግሽ ዓባይ ምንጭ ሲያዩት ትንሽ ነው፤ ግልገል ዓባይ ተብሎ ጣና ገብቶ በባሕር ዳር በኩል ከወጣ በኋላ ግን ጎጃምን እንደ መቀነት የሚዞር ታላቅ ወንዝ ይሆናል። ከሰውም መካከል ከትንሽ ተነሥቶ ለአገር መከታ የሚሆን አለ። እኛም ዛሬ የምናነሣቸው ደጃዝማች በላይ ዘለቀ፥ በፈረስ ስማቸው አባ ኮስትር፥ ከእነዚህ አንዱ ናቸው።

ፋሽስት ኢጣልያ በ1928 ዓ.ም. አገራችንን በወረረ ጊዜ በላይ ሹመትም ሠራዊትም አልነበራቸውም። አባታቸው በልጅነታቸው ስለ ተገደሉባቸው በዓባይ በረሃ ሸፍተው ይኖሩ ነበር። ጠላት በመጣ ጊዜ ግን የቤታቸውን በደል ወደ ኋላ ትተው ጠመንጃቸውን ወደ ወራሪው አዞሩ። በጥቂት ዘመድ የጀመሩት ተጋድሎ እየሰፋ ሄዶ በምሥራቅ ጎጃም ጠላት የሚፈራው ብርቱ ኃይል ሆነ። አብሯቸው ለተዋጋው ገበሬ እንደ ሥራው ማዕረግ ይሰጡ ነበር፤ የራሳቸውን ማዕረግ ሲጠየቁ ግን እናታቸው «በላይ» ብለው ስለ ሰየሟቸው ከዚያ የሚበልጥ እንደማያሻቸው መለሱ ይባላል።

በ1933 ዓ.ም. ነጻነት ሲመለስ ደጃዝማች ተብለው በብቸና ተሾሙ። ነገር ግን ብዙ ሳይቆይ ከመንግሥት ጋር ተቃቃሩ፤ በሶማ ተራራ ተከበው ከተዋጉ በኋላ እጃቸውን ሰጡ፤ ለፍርድም ቀርበው ሞት ተፈረደባቸው። ቅጣቱ ወደ እስራት ተለውጦላቸው ሳለ ከወህኒ አምልጠው ተያዙ። ጥር 4 ቀን 1937 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተሰቀሉ። ጠላት በአምስት ዓመት ሊይዘው ያልቻለውን አርበኛ ነጻ የወጣች አገሩ በገመድ አጣችው።

«ሸፍተዋልና ሕግ ተፈጸመባቸው» የሚል ሰው አይጠፋም። እኛም መሸፈታቸውን አንክድም። ነገር ግን ለጠላት ካደሩት ሰዎች መካከል ምሕረትና ሹመት ያገኙ እንደ ነበሩ እናውቃለን። ለባንዳ የተዘረጋ ምሕረት ለአርበኛ ሲያጥር ሚዛኑ ተዛብቷል እንላለን። የነጻነት ትርጉሙ የባዕድ ገዥን ማባረር ብቻ አይደለም፤ ያባረረውም ሰው የተበደለውን ተናግሮ የሚሰማበትን ዳኝነት ማቆም ጭምር ነው።

ዛሬ የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ በስማቸው ይጠራል፤ ይህም የተገባ ነው። ሆኖም ስሙን ስንጠራ ድሉን ብቻ አንሥተን ገመዱን ብንደብቅ ውለታውን በግማሽ እንደ ከፈልን ይቆጠራል። ለሞተ ጀግና ስም ማቆም ቀላል ነው፤ ባለ ውለታን በሕይወቱ ሳለ ማድመጥ ግን ከባድ ነው። ከአባ ኮስትር ታሪክ የምንማረው ይህን ከባዱን ነው።