ፈረስ የሚያንገዳግደው ሣር፦ ከዘር ጋር የተጓዘ በሽታ ታሪክ

እንደሚታወቀው እንክርዳድ ለአገራችን ገበሬ እንግዳ አይደለም። በስንዴና በገብስ ማሳ አብሮ ይበቅላል፤ ካልተለቀመም አብሮ ተወቅቶ አብሮ ይፈጫል። እናቶቻችን እህሉን በሰፌድ አበጥረው በእጃቸው የሚለቅሙት እንክርዳድ ራስ እንደሚያዞር ስለሚያውቁ ነው። ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ሊንየስም እ.ኤ.አ. በ1753 «ሎሊየም ቴሙለንተም» ብሎ መዝግቦታል። ቴሙለንተም በላቲን «የሰከረ» ማለት ነው።

እንክርዳድ ራይግራስ የሚባል የቅርብ ዘመድ አለው። ይህን የግጦሽ ሣር እንግሊዛውያን ሰፋሪዎች በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ ኒውዚላንድ ወስደው ዘሩት። መስኩ ለመለመ፤ ከብቱም ጠገበ። ይሁን እንጂ በበጋው መጨረሻ ሣሩ ሲያጥርና እንስሳት እስከ ሥሩ ሲግጡት ያልታሰበ ችግር ይከሰት ጀመር። ቆሞ ሲታይ ጤነኛ የሚመስል ፈረስ ሲያስደነግጡት ወይም ሲነዱት ራሱ ይንቀጠቀጣል፤ እግሩ ይተሳሰራል፤ ተንገዳግዶም ይወድቃል። ከተተወ ግን ጥቂት ቆይቶ ይነሳል። በጎችና የቀንድ ከብቶችም እንዲሁ ይሆኑ ነበር። ብዙዎቹ የሞቱት በመርዙ ሳይሆን ገደል ወይም ውኃ ውስጥ ወድቀው ነው።

ምክንያቱ ለረጅም ዘመን ሳይታወቅ ቆየ። በአውሮፓ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1898 በእንክርዳድ ፍሬ ውስጥ ሻጋታ መኖሩን በማጉያ መሣሪያ አይተው ነበር። ዳሩ ግን የኒውዚላንድ ተመራማሪዎች ፍሌቸርና ሃርቬይ በራይግራስ ውስጥ የሚኖረውን ሻጋታ ከዚህ በሽታ ጋር ያያያዙት እ.ኤ.አ. በ1981 ነው። ሻጋታው ከውጭ በዓይን አይታይም፤ ከእናት ሣር ወደ ልጅ ሣር የሚተላለፈው በዘሩ ውስጥ ሆኖ ነው። ነርቭ የሚያውከው መርዝም ሎሊትሬም ቢ ተባለ። መርዙ በብዛት የሚከማቸው በሣሩ ግርጌና በዛላው ላይ በመሆኑ አጭር ሣር የሚግጥ ፈረስ ይበልጥ ይጎዳል።

መፍትሔው ቀላል መስሎ ነበር፤ ሻጋታ የሌለበትን ዘር መዝራት። ነገር ግን ከሻጋታ የጸዳውን ሣር ከአርጀንቲና የመጣ ነቀዝ ይበላው ጀመር። ለካስ እንስሳቱን የሚያሳምመው ሻጋታ ሣሩን ከተባይ ይጠብቀው ኖሯል! ተመራማሪዎቹ ተስፋ ሳይቆርጡ ነቀዙን የሚከላከል፣ ሎሊትሬም ቢን ግን የማያመነጭ የሻጋታ ዓይነት ፈልገው አገኙ። ኤአር1 የተባለውን ይህን ሻጋታ የያዘ ዘርም በ2000ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ለገበሬው ቀረበ። በሽታው በዘር እንደመጣ መፍትሔውም በዘር መጣ።

የተከበራችሁ የዩኒየናችን አባላት! ከዚህ ታሪክ ሁለት ቁም ነገር እንወስዳለን። አንደኛ፣ በግጦሽ ላይ የሚንገዳገድ እንስሳ ብናይ አናባርረው፤ በዝግታ ከመስኩ አውጥተን ሌላ መኖ እንስጠው። የእብድ ውሻ በሽታን የመሰሉ ሌሎች በሽታዎችም እንስሳን ስለሚያንገዳግዱ በባዶ እጃችን አፉን ሳንነካ የእንስሳት ሐኪም እንጥራ። ሁለተኛ፣ የሰብልም ሆነ የመኖ ዘር ስንረከብ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን «ከየት መጣ? ተበጥሯል? ተመርምሯል?» ብለን እንጠይቅ። አንድ ገበሬ ብቻውን ይህን መጠየቅ ሊከብደው ይችላል፤ በማኅበር የተደራጀ ገበሬ ግን ጠይቆ መልስ ያገኛል። የምሥረታ በዓላችንን ስናከብርም እናቶቻችን በሰፌድ የጀመሩትን ጥንቃቄ በዘር መጋዘናችን እንቀጥልበት።