በብርሃን አሚን መሥራት፦ ናይትሮጅን በሰንሰለት ጫፍ ላይ

አሚኖች ከአሞንያ ሃይድሮጅኖች አንዱ ወይም ከአንድ በላይ የሆኑት በካርቦን ሰንሰለት ሲተኩ የሚገኙ ውሁዶች ሲሆኑ፣ ሞርፊንን ጨምሮ እጅግ ብዙ መድኃኒቶች በዚህ ጎራ ይመደባሉ። እነዚህን ለመሥራት የኬሚስቶችን ቀልብ ሲስብ የኖረው መንገድ አልኬንን፣ ማለትም በሁለት ካርቦኖች መካከል ድርብ ትስስር ያለውን ውሁድ፣ ከአንድ ቀላል አሚን ጋር በቀጥታ ማዋሐድ ነው፤ አንድም አቶም ሳይባክን ሁሉም በውጤቱ ውስጥ ይገኛልና።

እንቅፋቱ የሚመነጨው ሁለቱም በኤሌክትሮን የበለጸጉ ከመሆናቸው ነው፤ የናይትሮጅኑ ነጻ የኤሌክትሮን ጥንድና የአልኬኑ ድርብ ትስስር ስለሚገፋፉ አንዱ ሌላውን አይቀርበውም። አልኬኑን በአሲድ ለማነሣሣት ሲሞከር ደግሞ ፕሮቶኑን ቀድሞ የሚወስደው አሚኑ ራሱ ስለሆነ፣ ናይትሮጅኑ ነጻ ጥንዱን አጥቶ ከአፀግብሮቱ ውጭ ይሆናል። ይህ ቢታለፍ እንኳ ሩሲያዊው ቭላዲሚር ማርኮቭኒኮቭ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ባስቀመጠው ሕግ መሠረት ሃይድሮጅኑ ብዙ ሃይድሮጅን ወዳለው ካርቦን ስለሚሄድ፣ ናይትሮጅኑ በሰንሰለቱ ጫፍ ላይ መቀመጥ አይችልም።

ከዚህ እንቅፋት መውጫ ከሚሆኑት መንገዶች አንዱ አፀግብሮቱን በብርሃን ማስነሣት ነው። አሚኖችና አልኬኖች በአብዛኛው የሚታየውን ብርሃን አይቀበሉም፤ ጉዳት የሚመስለው ይህ ባሕርይ ግን የዘዴው ዋና ጥቅም ነው። የሞገድ ርዝመቱ 450 ናኖሜትር የሆነ ሰማያዊ ብርሃን በአንድ ሞል 266 ኪሎጁል ያህል ኃይል ቢይዝም፣ ሙቀት በድብልቁ ውስጥ ላለው ሁሉ ሲዳረስ ይህ ኃይል የሚደርሰው ለብርሃን ተቀባዩ ካታሊስት ብቻ ነው፤ ካታሊስት ማለትም አፀግብሮትን እያፋጠነ ራሱ የማያልቅ ንጥረ ነገር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2017 የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲው ሮበርት ኖልስና ባልደረቦቹ በኢሪዲየም ካታሊስት ያሳዩት አፀግብሮት የዚህ ሐሳብ ጥሩ ማሳያ ነው። ብርሃን የተቀበለው ኢሪዲየም ሁለት የካርቦን ቡድኖች ካሉት አሚን አንድ ኤሌክትሮን ሲነጥቅ፣ በኤሌክትሮን የበለጸገው ናይትሮጅን ኤሌክትሮን ፈላጊ ራዲካል፣ ማለትም ጥንድ ያጣ ኤሌክትሮን የያዘ ቅንጣት፣ ይሆናል፤ ስለዚህ አልኬኑን መሸሹ ቀርቶ ያጠቃዋል። በአሲዱ መንገድ መጀመሪያ የሚገባው ሃይድሮጅን ሲሆን እዚህ ግን ናይትሮጅን ይቀድማል፤ የሚያርፈውም ባልተጨናነቀው ካርቦን ላይ ስለሆነ፣ ጥንድ ያጣው ኤሌክትሮን ይበልጥ በሚረጋጋበት ጎረቤት ካርቦን ላይ ይቀራል። ለዚህ ካርቦን ሃይድሮጅን የሚለግሰው ታዮል የተባለ የሰልፈር ውሁድ ነው፤ ከዚያም ኢሪዲየሙ የነጠቀውን ኤሌክትሮን ለታዮሉ ቅሪት በመመለስ ዑደቱን ይዘጋል። የማርኮቭኒኮቭ ሕግ እንግዲህ አልተሻረም፤ የተለወጠው የአገባቡ ቅደም ተከተል ነው።

ኢሪዲየም እጅግ ብርቅ ብረት በመሆኑ አማራጭ ማስፈለጉ አይቀርም። የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲው ዴቪድ ናይስዊች እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ብረት አልባ በሆነ የአክሪዲኒየም ቀለም ወደዚያው የጫፍ አቀማመጥ ደርሷል፤ ይሁንና ይህ ቀለም ኤሌክትሮን የሚነጥቀው ከአልኬኑ ስለሆነ፣ እንደ ስታይሪን ያሉ በቀላሉ ኤሌክትሮን የሚለቁ አልኬኖችን ይመርጣል። በምርት ደረጃ ለሁለቱም የጋራ የሆነው ችግር ግን ብርሃን በቀለማማ ፈሳሽ ውስጥ ርቆ አለመዝለቁ ነው፤ በዚህ ምክንያት ድብልቁን በትልቅ ጋን ከማብራት ይልቅ በቀጭን ቱቦ እያፈሰሱ በመብራት ፊት ማሳለፍ ይመረጣል።